በጓሮ በር

እናቴ ሰው ቤት ስትሄድ አጥሩ በር ላይ ቆማ «ቤቶች!» ትል ነበር። ድምፅ ካጣች ትደግማለች። ሦስተኛ ብላ መልስ ካላገኘች፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶም ቢሆን፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትመለሳለች። «ሰው የሌለበት ቤት አይገባም» ነበር የምትለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቃት ግን እንደ ቂል ታየኝ ነበር።

እሷን እያሰብኩ ነው መሰለኝ፣ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ስንዴ መሀል ብቻውን የቆመ፣ ሰው ከለቀቀው ሃምሳ ስድሳ ዓመት ያለፈው የእንጨት ቤት ደጃፍ ስደርስ እኔም «ቤቶች!» እላለሁ። በአማርኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። የሚመልስልኝ ንፋስ ነው፤ አንዳንዴ ከጣሪያው ሥር እርግብ ብር ትላለች። ከዚያ የእናቴን ሕግ አፍርሼ እገባለሁ፤ የካሜራዬን ሦስት እግር እዘረጋለሁ፤ ፎቶ አነሳለሁ።

ሹፌር ነኝ። 53 ጫማ ትሬለር እየጎተትኩ ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ፣ በፋርጎና በቢስማርክ አድርጌ እስከ ዊሊስተን እነዳለሁ። ሕጉ በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት ይከለክላል፤ የሳምንቱ ሰዓት ሲያልቅ ደግሞ 34 ሰዓት መቆም አለ። ሹፌሮች «ሪሴት» እንለዋለን። ሌላው ልጅ ትራክ ስቶፕ ገብቶ ይተኛል፤ ሽሮውን በትንሿ ምድጃ ይሠራል፤ አገር ቤት ይደውላል። እኔ ትሬለሩን ፈትቼ አቆምና ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ። ስምንት ዓመት ሆነኝ። ካሜራዋ አሮጌ ኒከን ናት፤ ከአራት መቶ በላይ ቤት አንስቼባታለሁ። ሁለት ጊዜ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለውልኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ትንሽ ጋለሪ «ይሄ ጥበብ ነው» ብሎ ወስዶ ሦስት ሸጦልኛል፤ የሦስተኛውን ገንዘብ እስካሁን አልሰጠኝም።

ስለዚህ ሥራዬ ሲጠይቁኝ በእንግሊዝኛ መመለስ ይቀለኛል። በአማርኛ ሲሆን ቃሉ ራሱ ይይዘኛል። «የተተወ ቤት» ብል የወረቀት አማርኛ ነው፤ ገጠር ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው የለም። ያለን ቃል «ወና» ነው። ወና ደግሞ እርግማንም ነው፤ ሰው ጠላቱን «ቤቱ ወና ይሁን» ይላል። ዳዊት በመዝሙሩ ጠላቶቹን ሲረግም መኖሪያቸው ሰው አልባ እንዲሆን ለምኗል፤ ጴጥሮስም በሐዋርያት ሥራ መጀመሪያ ላይ ያንኑ መዝሙር አንስቶ ለይሁዳ አውሎታል። እንግዲህ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ የደረሰ እርግማን እየዞርኩ ፎቶ ሳነሳ ኖሬአለሁ ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን በአጭሩ ነው የነገረችኝ። አንዱን ሳሎን ልሰቅል መዶሻ ይዤ ወንበር ላይ እንደቆምኩ፣ «የሰው ወና እኔ ቤት አይገባም» አለችኝ። ፎቶው አሁን ጋራዥ ውስጥ፣ ከበረዶ መዛቂያው አጠገብ ነው።

ከክፋት አልተናገረችም። ያደገችው እኔ ባደግኩበት ትምህርት ነው፦ ባዶ ቤት ባዶውን አይቀርም፣ አንድ ነገር ይገባበታል። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ከሰው ስለ ወጣው ርኩስ መንፈስ ሲያስተምር ነገሩን በቤት ነው የመሰለው። መንፈሱ በረሃ ለበረሃ ዞሮ ሲመለስ የቀድሞ ቤቱን ባዶ ሆኖ፣ ተጠርጎ፣ አምሮ ያገኘዋል፤ ከራሱ የባሱ ሰባት ጠርቶ ይገባል። ልጅ ሆኜ የምፈራው ሰባቱን ነበር። ካሜራ ከያዝኩ በኋላ የሚያስጨንቀኝ ግን የቤቱ ማማር ሆነ። ጌታ የመሰለው ቤት ፍርስራሽ አይደለም፤ ያማረ ባዶ ነው። እኔ የምፈልገው ፎቶ ደግሞ ልክ ያ ነው። የቢራ ጣሳና የተቀዳደደ ፍራሽ ያለበትን ክፍል አልፌ፣ ብርሃን በአንዲት መስኮት ገብቶ የተላጠ ግድግዳ ላይ የሚያርፍበትን፣ አንዲት ወንበር ብቻ የቀረችበትን ክፍል እመርጣለሁ። ሰው ቢኖርበት ይበላሽብኛል። አንድ ሌሊት መሪ ይዤ ይህችን ነገር ለራሴ ጮክ ብዬ አልኳትና ደነገጥኩ፦ ሰው ቢኖርበት ይበላሽብኛል።

እንዲህ ያለውን የማስበው ጄምስታውንን አልፎ፣ መንገዱ ቀጥ ሲልና የሚታይ ነገር ሲጠፋ ነው። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል። ሌላው ሰው ተሸንፎ የወጣበትን ቤት «ውብ ነው» ማለት ይፈቀዳል ወይ? ውበቱስ የማን ነው?

የዚህ አገር ወና ከእኛ የሚለየው ቆሞ በመቆየቱ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣው ሕግ፣ መጥቶ ቤት ለሠራ፣ ላረሰና አምስት ዓመት ለኖረ ሰው 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ በእኛ ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል ግድም ነው። ኖርዌጂያኑ፣ ከሩሲያ የመጣው ጀርመን፣ ሁሉም በባቡር ደርሶ በየጋሻው አንዳንድ ቤት ተከለ። ከዚያ ድርቁ መጣ፣ የስንዴ ዋጋ ወደቀ፣ ትራክተር የአሥር ሰው ሥራ ለአንድ ሰው አደረገው፣ ቅርንጫፍ ሐዲዱም በየተራ ተነቀለ። ሰሜን ዳኮታ እ.ኤ.አ. በ1930 680,845 ሰው ነበራት፤ ከ80 ዓመት በኋላ በ2010 672,591። ያውም ከተሞቹ አድገው ነው። አየሩ ደረቅ፣ እንጨቱ ጥድ ስለሆነ ቤቱ ሰው ሳይኖርበት ስድሳ ዓመት ይቆማል። መሬቱን የገዛው ገበሬም አያፈርሰውም፤ ትራክተሩን ዞር አድርጎ ያርሳል። ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1938 ቴክሳስ ውስጥ፣ ቺልድረስ በሚባል አውራጃ እንዲህ ያለ ቤት አንስታለች። ትልሙ እስከ ቤቱ ጥግ ድረስ መጥቶ ዙሪያውን ከቦታል፤ እግር የሚያስረግጥ ደጅ እንኳ አልቀረለትም። ያንን ፎቶ ሳይ የሚያመኝ ቤቱ ሳይሆን ደጁ ነው።

የእኛ ቤት የሚኖረው በጭስ ነው። ሳር ክዳን ጭስ ሲያጣ ይሻግታል፣ ምስጥ ይገባዋል፤ ግድግዳው በጭቃና በጭድ ካልተመረገ ዝናብ ያጥበዋል። ሁለት ሦስት ክረምት ይበቃዋል። ሰው ሲወጣ ቤቱም ብዙ ሳይቆይ ተከትሎት ይሄዳል። የዱሮ ሰዎች ቤትን በጭስ መቁጠራቸው ያለ ነገር አይደለም። ጭሰኛ የሚለውም ስም ከዚያው ነው የመጣው፤ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቢፈርስም ቃሉ እስከ ዛሬ ይሸታል። ባለ ሰባ ዓመት ወና አገራችን ውስጥ ማየት ብርቅ ነው። በቦታው የሚቀረው የካብ ድንጋይ፣ የሰንሰል አጥርና አንድ ሁለት የጓሮ ጌሾ ነው። እረኛ ያያል፣ «እዚህ ቤት ነበር» ይላል፣ ያልፋል።

ሚስቴን «ባለቤቴ» ካልኳት አይቀር፣ ይህችን ቃል ትንሽ ልዙርባት። ቤቱ የእርሱ የሆነ ሰው ባለቤት ነው፤ ባልም ሚስትም አንዳቸው ለሌላቸው ባለቤት ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሰዋስው ስንማር ደግሞ የዐረፍተ ነገሩን አድራጊ መምህራችን «ባለቤት» ይሉት ነበር። ባለቤት የሌለው ቤት እንግዲህ ምን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው? መጀመሪያ ጎዶሎ መሰለኝ። ግን አማርኛ እንዲህ አይደለም። «ሄዱ» ብል አንዲት ቃል ናት፤ «እነሱ» ግን ውስጧ አሉ። ስማቸውን ባልጠራም፣ ባላውቅም፣ ግሡ ይዟቸዋል። እነዚህ ቤቶችም እንዲያ ናቸው። አንዱ ውስጥ የኩሽናው በር መቃን ላይ በእርሳስ የተሰመሩ ሰረዞች አገኘሁ፤ የልጆች ቁመት ነው። ዝቅተኛው ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላል። ከፍተኛው ደረቴ ላይ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ በላይ የለም። ልጁ አድጎ ይሁን፣ ቤተሰቡ ሄዶ ይሁን፣ ሌላ ነገር ሆኖ ይሁን መቃኑ አይናገርም።

ኔብራስካ የተወለደው ራይት ሞሪስ ይህን ከማንም ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። ደራሲም ፎቶ አንሺም ነበር። የአጎቱን እርሻ ቤት እ.ኤ.አ. በ1947 አንስቶ በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ አወጣው፤ የተከፈተ መሳቢያ ውስጥ ያሉ ማንኪያና ሹካዎች አሉበት። የሰው ፊት ሳያሳየኝ ቤተሰቡን አሳይቶኛል። እኔ በስምንት ዓመት ያልቻልኩትን ነው፤ እርሱ ግን ያነሳው የዘመዱን ቤት ነው፤ «ቤቶች» ሲል «ግባ» የሚለው ሰው ነበረው።

እኔ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ሥዕል መጀመሪያ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ነው። በእኛ ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን ያዩሃል፤ ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ግን በጎን፣ ባለ አንድ ዓይን ሆነው ይሳላሉ። ማንም ሳያስረዳኝ በልጅነቴ አውቄው ነበር፦ ሁለት ዓይን ያለው ያየኛል፣ ባለ አንድ ዓይኑ ወደ ሌላ ሰው ነው የሚያየው። ስለዚህ ቤትን በጎን አላነሳም። ፊት ለፊቱ እቆማለሁ፤ በሩ መሀል፣ መስኮቶቹ ግራና ቀኝ። ለወደቀ ቤት የምሰጠው ክብር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ፈረንጅ ፎቶን «ይወስዳል»፤ እኛ «እናነሳለን»። የወደቀ ነገር ይነሳል እንጂ አይወሰድም። በዚህ ልዩነት ስንት ኪሎሜትር ኮርቼ እንደነዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛው ሕጌ ምንም ነገር ከቦታው አለማንቀሳቀስ ነበር። ማንኪያ እንኳ። ምክንያቱ አርተር ሮትስቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በድርቁ ጊዜ መንግሥት ልኮት ደቡብ ዳኮታ ውስጥ የከብት ራስ ቅል አንስቶ ነበር፤ ቅሉን ጥቂት እርምጃ አዛውሮ ደገመው። ነገሩ ሲታወቅ ፋርጎ የሚታተመው ጋዜጣ «አስመሳይ» ብሎ ጮኸበት፤ የፕሬዚዳንቱ ተቃዋሚዎችም ለምርጫ ተጠቀሙበት። ድርቁ እውነት ነበር፣ ቅሉ እውነት ነበር፣ ግን ጥቂት እርምጃ ሁሉንም አጠራጣሪ አደረገችው። የሰሜን ዳኮታ ሰው ፎቶ አንሺን መቆጣት ልማዱ ነው ልበል? እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ናሽናል ጂኦግራፊክ ስለ ባዶው ገጠራቸው ሲጽፍ ፎቶዎቹ የዩጂን ሪቻርድስ ነበሩ፤ ያኔም «እኛ አለን፣ አልሞትንም» ብለው ተቆጡ። ሪቻርድስ በዚያው ዓመት ያወጣው «ሰማያዊው ክፍል» የሚል መጽሐፍ በእንዲህ ያሉ ቤቶች የተሞላ ነው። በጣም ያምራል። እሱን ካየሁ ወዲህ ሰማያዊ ግድግዳ ሳገኝ እጄ ይፈጥናል፤ ይህንንም ለንስሐ አባቴ ነግሬአቸዋለሁ።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሕጎች ይዤ፣ ከራግቢ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቤት ለሦስት ዓመት ተመላለስኩበት። በበረዶ አንስቼዋለሁ፣ በጭጋግ አንስቼዋለሁ፣ ሰናፍጭ ዙሪያውን ቢጫ ሲያደርገው አንስቼዋለሁ። ጋለሪው ከሸጣቸው አንዱ እሱ ነው። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ እንደገና ቆሜ ብርሃኑን ስጠብቅ አንድ ፒካፕ አቧራውን እያስነሳ መጣ። አንድ ሽማግሌ ወረዱ፤ ሰማንያን አልፈዋል፤ ውሻቸው ሳይወርድ በመስኮት ያየኛል። ፖሊስ ሊጠሩብኝ ነው ብዬ ስለ ሥራዬ መለፍለፍ ጀመርኩ። አልሰሙኝም። የካሜራዬን አቅጣጫ አዩና፣

«ሁላችሁም ከዚህ ወገን ነው የምታነሱት» አሉኝ።

«ከፊቱ ላንሳው ብዬ ነው።»

«ፊቱ በወዲያ ነው።»

አልገባኝም። በእጃቸው አሳዩኝ። ዱሮ መንገዱ በዚያ በኩል፣ ከባቡሩ ሐዲድ ጋር ጎን ለጎን ነበር፤ ሐዲዱ ሲነቀል አውራጃው መንገዱን ወደዚህ አዞረው። «ይሄ የጓሮ በር ነው» አሉ። «እናቴ የእቃ እጣቢ የምትደፋበት።»

ሦስት ዓመት። እንደ ቅዱስ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ሁለት ዓይኑን እያየሁ፣ ሥዕል አደረግኩት ብዬ፣ የሰው ጀርባ ነው ያነሳሁት። አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ ገዝቶ ሳሎኑ ሰቅሎታል። ሳቄ መጣ፣ ሳቄን ዋጥኩት።

ሽማግሌው ዞረው ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። በወዲያ በኩል ቤቱ አይታይም። በሩ ግራና ቀኝ የተተከለ፣ ላይላክ የሚሉት የአበባ ቁጥቋጦ ዛፍ አክሎ፣ በረንዳውን ውጦ፣ ጣሪያው ላይ ደርሷል፤ አብቦ ሽታው ራስ ያዞራል። በዚህ አገር ቤቱ ተቃጥሎ እንኳ ላይላኩ ይቀራል፤ ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ላይላክ ካየህ መሀላቸው በር ነበር ማለት ነው። የጓሮ ጌሾ ትዝ አለኝ። ሽማግሌው ከኪሳቸው ቢላ አወጡና ቅርንጫፍ ይቆርጡ ጀመር፤ አምስት፣ ስድስት። እህታቸው ራግቢ የአረጋውያን መኖሪያ ናቸው አሉኝ፤ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ላይላኩን የተከሉት ከእናታቸው ጋር ነው። ሽማግሌው በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ይመጣሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይወስዱላቸዋል። ቤቱን ቀና ብለው አንዴ እንኳ አላዩትም።

«እዚህ እንዳሉ ላንሳዎት?» አልኳቸው።

«እኔን? አንተ የምትፈልገው ቤቱን ነው» አሉና ሳቁ። ቅርንጫፎቹን ጋቢና ውስጥ ውሻው አጠገብ አስቀምጠው ሄዱ።

ላይላኩን አነሳሁት። እንደ ጥበብ ካያችሁት ምንም አይደለም፤ የቅጠል ክምር ነው፣ ጥግ ላይ ግማሽ መስኮት። ግን ወና የሚለው ቃል እዚያ ደጃፍ ላይ ከእጄ ወደቀ። በዓመት አንድ ቀን ሰው የሚመጣበት ቤት ወና ነው? እኔ ደግሞ ስንቱን ቤት ወና ብዬ ያነሳሁት ግንቦት መጨረሻ ስላልነበርኩ ብቻ ይሆን?

ይህ ነገር ሲከነክነኝ በሚቀጥለው ሪሴት ስታንተን የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ የናይፍ ወንዝ ከሚዙሪ ወደሚገናኝበት ቦታ ሄድኩ። የሂዳትሳና የማንዳን ሕዝብ መንደሮች የነበሩበት ነው፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ይጠብቀዋል። ቤታቸው ክብ ነበር። መሀል ላይ አራት ምሰሶ፣ ዙሪያውን ግንድ፣ በላዩ የአኻያ ጭራሮና ሣር፣ ከዚያ አፈር፤ አናቱ ላይ የጭስ መውጫ። እንደገና የተሠራ አንድ ቤት አለ፤ ጎንበስ ብዬ ስገባ ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ። ጎጆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ፈንጣጣ በእንፋሎት መርከብ መጣና ማንዳኖችን ሊጨርሳቸው ምንም አልቀረውም። ሜዳው ላይ አሁን ያለው ክብ ክብ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ሣር ለብሷል፤ ፀሐይ ሲያዘነብል ጥላ ይይዛል። ከዚያም ያነበብኩት ነገር አለ፦ ቤቶቹን የሚሠሩት ሴቶቹ ነበሩ፣ ቤቱም የሴቶቹ ነበር። ባለቤቶቹ እነሱ።

ያን ቀን ካሜራዬን አላወጣሁም። ቅድስና ይዞኝ እንዳይመስላችሁ፤ ምን እንደማነሳ ጠፍቶኝ ነው። ባዶ ቤት የሚባለው ጥበብ የሚወደው በመጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ነው፤ መስኮት ያለው፣ ቀለም የሚላጥ፣ ተሸንፎም ቆሞ የሚቆይ። በጭስ የሚኖር ቤት፣ ሰው ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ቤት፣ ለሥዕል አይመችም። እኔ ራሴ የመጣሁት ከእንዲያ ያለ ቤት ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች በተወሰደ መሬት ላይ ስለተሠራው የጣውላ ቤት ሳዝን ኖሬአለሁ። ማዘኔ ውሸት አልነበረም። ግን ሐዘንም የሚያምርለትን ይመርጣል።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው። እሑድ ከሰዓት ነበር፤ የሰንበቴ ጫጫታ ከኋላቸው ይሰማል።

«አባ፣ ኃጢአት ነው ወይ?»

«ስትገባ ምን ታደርጋለህ?»

«መጀመሪያ ቤቶች እላለሁ።»

«በአማርኛ?» ሳቁብኝ።

«በአማርኛ።»

«መልስ ይመጣል?»

«ኧረ ከየት መጥቶ፣ አባ።»

«ታዲያ መልስ ሲታጣ ምን ይደረጋል? እናትህ አላስተማረችህም?»

ዝም አልኩ። ቆየት ብለው፣ «ውበት ማየትህን አልከስህም» አሉኝ፤ «ውበቱ የሱ ነው። ግን ለነዚያ ሰዎች አንድ ቀን አባታችን ሆይ ብለህላቸው ታውቃለህ? ስማቸውንስ ታውቃለህ?»

ስም ማወቁ ከባድ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። በየአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመሬት ካርታ መጽሐፍ አለ፤ የመጀመሪያውን ባለይዞታ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት መዝገብ ይነግርሃል፤ ቁራሹን መሬት ካወቅክ ስሙ ይወጣል። አሁን ትሬለሬ ሲጫን ቁጭ ብዬ እፈልጋለሁ፤ የጥቅልል ደብተር ላይ ጽፌአለሁ፤ እስካሁን ስድሳ ሁለት ስም። አጠራራቸው ይከብደኛል። ሉተራን ነበሩ አብዛኞቹ፤ በፍትሐታችን ቦታ የላቸውም፤ እንዲሁ ነው የምጠራቸው።

አባ በአንድ ነገር ብቻ ትክክል አይመስሉኝም። የእናቴ ሕግ ማታ ለሚመለስ ጎረቤት ነው። ወንዝ ወርዳለች፣ ገበያ ሄዳለች፣ ነገ ትገኛለች። ለማይመለስ ሰውስ? ሁሉም ደጅ ቆሞ ከተመለሰ የበሩን መቃን ማን ያይለታል? ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ሹፌርና ቄስ በስልክ አይከራከርም።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ቤቷ ከደብረ ማርቆስ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፤ ሳር ክዳን። ቆርቆሮ ላልብሰው ብዬ ብር ልኬ ነበር፤ «ዝናቡ አያስወራም» ብላ በግ ገዛችበት። ካረፈች ወዲህ ቁልፉ ታናሽ ወንድሜ ዘንድ ነው። የሰው ቤት አራት መቶ ጊዜ ሳነሳ የእሷን አንድ ፎቶ የለኝም። ከራግቢው ነገር በኋላ ደወልኩለትና ቤቱን በስልክህ አንሳልኝ አልኩት። እሺ አለ፤ ሳምንት ቆየ። ደግሞ ደወልኩ፤ እሺ አለ፤ ሌላ ሳምንት። በሦስተኛው ቢስማርክ አቅራቢያ ነዳጅ ስቀዳ በቴሌግራም መጣ።

ቤቱ ከደጅ በኩል ነው የተነሳው፤ በሩ ተከፍቷል፤ ጌሾው ከጥግ ይታያል። ከክዳኑ ጭስ ይወጣል። እንደ ዱሮው፣ በሳሩ ውስጥ ተበትኖ፣ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። የነዳጁን ቱቦ እንደያዝኩ ደወልኩ።

«ማን ገባበት?»

«ማንም አልገባበትም ጋሼ።»

«ጭሱስ?»

ትንሽ ዝም አለ። «የእምዬን ቤት ወና አድርጌ ልላክልህ? እሳት አነደድኩ። ደረቁ እንጨት አልጨስ አለኝ፤ ቢቸግረኝ እርጥብ ባሕር ዛፍ ጨመርኩበት። ዓይኔ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ይታያል ወይ ጭሱ?»

ይታያል አልኩት።